ዕቃው አገሩ የት ነው? ከደብረ ብርሃን ለሙዚየሞችና ለተጓዦች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ለሚገኙ ሙዚየሞችና የሥዕል ጋለሪዎች ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ከሰሜን ሸዋ ተነሥታችሁ ወደ ሌላ ከተማ ለምትጓዙ ወገኖቼ

ጉዳዩ፦ ለሕዝብ በሚታዩ ቅርሶች መግለጫ ላይ ዕቃው የመጣበት ቦታ በዝርዝር እንዲጻፍ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

በእኛ አገር እንግዳ ቤት ገብቶ አረፍ ካለ በኋላ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርብለት ጥያቄ «አገርዎ የት ነው?» የሚል ነው። እንግዳው «መንዝ ነው» ቢል ጠያቂው በዚህ አይረካም፤ ማማ ነው፣ ላሎ ነው ወይስ ጌራ ብሎ ይከተላል፤ ጌራ ከሆነም የየትኛው ደብር አጥቢያ እንደሆነ፣ ከዚያም የማን ልጅ እንደሆነ ሳያጣራ አይለቅም። ይህን የሚያደርገው ለወሬ ብሎ አይደለም፤ የሰውየው አገር ካልታወቀ ከማን ጋር እንደሚጨዋወት ስለማያውቅ ነው። እኔም በዚህ ደብዳቤ የምለምነው ይኸው የአባቶቻችን ጥያቄ በሙዚየም መስታወት ውስጥ ለተቀመጠ ዕቃም እንዲቀርብ፣ መልሱም ከዕቃው ሥር ተጽፎ እንዲገኝ ነው።

በደብረ ብርሃን ከተማ ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ወደማላውቀው ከተማ በሄድኩ ቁጥር ሻንጣዬን አስቀምጬ መጀመሪያ የምጠይቀው ሙዚየሙ በየት በኩል እንደሆነ ነው። ባለቤቴ ይህን ጠባዬን «የሙት ዕቃ ፍለጋ» ትለዋለች፤ ይሁን እንጂ አብራኝ መግባቷን አልተወችም። ሐረር ስንሄድ ራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው አሮጌ ሕንፃ ያለውን፣ በአንድ ሰው የግል ጥረት የተሰበሰበውን የሸሪፍ ሙዚየም ሳናይ አልተመለስንም። ጎንደርም የደብረ ብርሃን ሥላሴን የጣሪያ መላእክት አንገቴ እስኪደነዝዝ አንጋጥጬ አይቻለሁ። በነገራችን ላይ «ከደብረ ብርሃን ነኝ» ባልኩ ቁጥር ስለነዚያ መላእክት የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ደብረ ብርሃንና የጎንደሩ ቤተ ክርስቲያን የተለያዩ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ እወዳለሁ። አዲስ አበባ ግን ከእኛ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ብሔራዊ ሙዚየሙንም ሆነ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ደጋግሜ ተመላልሼባቸዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ሙዚየም ውስጥ የገጠመኝ ነገር ነው። የአሥራ ሁለት ዓመት የልጅ ልጄን ይዤ ገብቼ ስንዘዋወር በአንድ ሳጥን ውስጥ ባና ተጣጥፎ ተቀምጦ አየሁ። ለማያውቀው አንባቢ ባና ማለት የበግ ጠጉር ተሸልቶ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎና ተሸምኖ የሚሠራ ወፍራም የደጋ ልብስ ነው፤ እኔ ራሴ የመንዝን ብርድ ያለፍኩት እናቴ በፈተለችው ባና ተጠቅልዬ ነው። የጠርዙን አጨራረስ ገና ከሩቅ ሳየው ልቤ ደነገጠ። ጠጋ ብዬ ካርዱን ባነብ «የሱፍ ልብስ፤ ሰሜን ኢትዮጵያ፤ 20ኛው ክፍለ ዘመን» ይላል። ሰሜን ኢትዮጵያ! ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ገብቶ ረዳቱን «ወደ ሰሜን አሳፍረኝ» የሚል መንገደኛ ቢኖር ረዳቱ ሰውየውን ከራስ እስከ እግሩ ተመልክቶ ወደሚቀጥለው ተሳፋሪ ይዞራል እንጂ ትኬት አይቆርጥለትም። የልጅ ልጄም ያንኑ አደረገች፤ ካርዱን በአንድ ትንፋሽ አንብባ ወደሚቀጥለው ሳጥን አለፈች። የቅድመ አያቷ መንደር ሴቶች የፈተሉት ሊሆን ከሚችል ልብስ ፊት ቆማ እንደ ባዕድ ዕቃ አይታው በማለፏ አልፈርድባትም፤ ካርዱ እንድትቆም የሚያደርጋት አንዳች ነገር አልሰጣትም።

አስጎብኚዋ ትሑት ወጣት ነበረች። «ልጄ፣ ይህ ባና ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ብጠይቃት «አባቴ፣ መዝገቡም ላይ ያለው ይኸው ብቻ ነው» አለችኝ። ስሙ ባና እንደሚባል፣ መንዝ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ከሌሎቹ የሱፍ ልብሶች፣ ከዝተትና ከበርኖስ፣ የሚለይበትን ነገርኳት፤ እርስዋም በማስታወሻዋ ላይ በጥንቃቄ ጻፈች። ከዓመት በኋላ ተመልሼ ብሄድ ካርዱ እንደነበረ ነው። ልጅቷ ቃሏን አላጠፈችም ብዬ አምናለሁ፤ ጎብኚ የነገራትን ወደ መዝገቡ የምታስገባበት በር ስላልነበራት ነው።

ጥያቄዬ የማይቻል ነገር ቢሆን ኖሮ ብዕሬን ባላነሣሁ ነበር። እንደሚቻል ግን ብሔራዊ ሙዚየማችን ራሱ ምስክር ነው። ወደ ምድር ቤቱ የወረደ ማንኛውም ተማሪ የድንቅነሽን አገር ያውቃል፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር ላይ መገኘቷን በቃሉ ይናገራል። ከሌሎቹ ቅሪተ አካላትም አርዲ የአራሚስ፣ ሰላም የዲቂቃ ናቸው። ለምን ቢባል የቅሪተ አካል ተመራማሪ ከየት እንደተነሣ ያልታወቀ አጥንት ዋጋ እንደሌለው ስለሚያውቅ ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆናት የታወቀው ከተገኘችበት ደለል በላይና በታች የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ዕድሜው ተለክቶ ነው፤ አጥንቷ ብቻ በከረጢት ተይዞ አዲስ አበባ ቢደርስ ኖሮ ዕድሜዋን የሚናገርላት አይገኝም ነበር። ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ በሙሽ ሸለቆ የተገኙት ከ21 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የቅጠል ቅሪቶችም የሚጠኑት እንዲሁ ንብርብራቸው እየተቆጠረ ነው። ለአንድ ቅጠል ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ ሠሪው ገና ከመቶ ዓመት በፊት የኖረን ባና «ሰሜን» ብለን ስንሸኘው እኔን ግር ይለኛል።

ደግሞም ሥርዓቱን ከውጭ አገር መማር አያስፈልገንም። የአንዲት የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ገብታችሁ አሮጌ የብራና መጽሐፍ ብትገልጡ፣ በመጀመሪያው ወይም በመጨረሻው ቅጠል ላይ ብዙ ጊዜ መጽሐፉ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ አንዳንዴም ማን እንደጻፈው ሰፍሮ ታገኛላችሁ። ከዚያ ቀጥሎ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» የሚለው የውግዘት ቃል ይከተላል፤ የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። ተማሪዎቼን ይህን ሳስተምር «ዘፈሐቆ» የሚለው ላይ ሁልጊዜ ቆም እል ነበር። አባቶቻችን መጽሐፉን የወሰደውን ብቻ ሳይሆን ጽሑፉን የፋቀውንም፣ ማለትም መጽሐፉን አገር አልባ ያደረገውን፣ ከሌባው እኩል አወገዙት። ጽሑፉ ከተፋቀ በኋላ መጽሐፉ የትም ቢገኝ ባለቤቱ ሊጠይቀው አይችልምና። እኔ ማንንም ለማውገዝ ሥልጣን የለኝም፤ ነገር ግን የመጣበትን ቦታ ሳይጽፉ ዕቃን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ከመፋቅ በምን ይለያል ብዬ ራሴን ጠይቄ ጥሩ መልስ አላገኘሁም።

በዚህ ረገድ ከእኛው ዞን፣ ከሸንኮራ የተወለዱትን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን ሳላነሣ አላልፍም። በ1960ዎቹ አጋማሽ የአገራችን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሣት ሲጀምሩ፣ ከዘጠኝ ሺህ በላይ መጻሕፍት በፊልም ተቀድተው ቅጂያቸው በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ተቀመጠ። እሳቸው በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሱ ሆነው ሳለ፣ በዚያ በበረዶ አገር ተቀምጠው እነዚህን መጻሕፍት በየተራ እያነበቡ ምን እንደያዙና የየትኛው ደብርና ገዳም እንደሆኑ ሲመዘግቡ አሥርተ ዓመታትን አሳልፈዋል። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ያፈሩት ዝርዝር፣ ዛሬ አንድ ሰው «የእኛ ደብር መጽሐፍ ምን ነበረው?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚያገኝበት ነው። በባሕር ማዶ ሆነው የሸንኮራው ልጅ የአገሩን ደብሮች በስማቸው ከጠሩ፣ መንዝ በአንድ ቀን መንገድ የሚደረስበት ሙዚየም የመንዝን ስም ለመጻፍ ምን ያግደዋል?

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ ለብቻው የሚከብድበት ምክንያት አለ። የእኛ አገር ዕቃ ብዙው የወጣው በቤተ መንግሥት ጉዞ ነው። የሸዋ መናገሻ አንኮበር ነበረች፤ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእርስዋ ሌላ በአንጎለላም ይቀመጡ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክም ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው በአንጎለላ ነው። መናገሻው ወደ እንጦጦ፣ ቀጥሎም ወደ አዲስ አበባ ሲነሣ ዙፋኑ ብቻውን አልሄደም፤ አንጥረኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ዕቃ ቤቱም አብረው ወረዱ። ዛሬ አንኮበር ኮረብታ ላይ የወጣ ጎብኚ የሚያገኘው የቤተ መንግሥቱን የግንብ ፍራሽና ወደ ቆላው የሚወርደውን ገደል ነው። ዕቃውን ሌላ ቦታ ሲያገኘው ደግሞ «ሸዋ» ወይም «የምኒልክ ዘመን» ከሚል ቃል በቀር ወደ ኮረብታው የሚመልሰው ፍንጭ የለም። በይፋት በኩል ያለው ኖራ የሚባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽና የጎዜ መስጊድ፣ በመንዝም ተመራማሪዎች የሻይ ባህል ብለው የሰየሙት የጥንት ጉብታ መቃብሮች ከዶቃና ከሸክላቸው ጋር እንዲሁ ናቸው፤ ከቦታቸው ከተለያዩ የማንም ይሆናሉ።

በሥዕሉ በኩል ጉዳዩ ቀለል ይላል፤ ሠዓሊው ስሙን በሥዕሉ ላይ ያኖራልና። እዚያም ቢሆን አንድ ቃል ይጎድላል። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ በአፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ቀለም የመስታወት ሥራቸው በመማሪያ መጻሕፍት ሳይቀር ይገኛል። እንግሊዝ አገር የሄዱት የማዕድን ምሕንድስና ሊማሩ እንደነበር የሚያውቀው ጥቂት ነው፤ በ1925 ዓ.ም. አንኮበር መወለዳቸውን የሚያውቅ የአንኮበር ተማሪ ደግሞ ከዚያ ያነሰ ነው። ለልጅ ልጄ ይህን ስነግራት መጀመሪያ ያለችው «የእኛዋ አንኮበር?» የሚል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በገባንበት ጋለሪ ሁሉ የሠዓሊውን ስም አንብባ «ይህስ የየት ልጅ ነው?» ማለት ጀመረች። አንድ የቦታ ስም አንድን ልጅ እንዲህ ካስቆመ፣ ከሠዓሊው ስምና ከሥዕሉ ዓመት ቀጥሎ የትውልድ ቦታውን መጨመር ምን ያህል ቀለም ይፈጃል? የእንግሊዝ መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ሣህለ ሥላሴ ሲመጡ አብሯቸው የነበረው ጀርመናዊው ሠዓሊ በርናትስ እንኳ የአንኮበርንና የአንጎለላን ሥዕል ሲያሳትም የቦታውን ስም ከሥሩ ጽፏል። እንግዳ ያደረገውን ባለቤት ሲተወው ደስ አይልም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ ወገኖቼ። ከሰሜን ሸዋ ወደ አዲስ አበባ የምንወርደው ለሕክምና፣ ለክስ፣ ለልጅ ምረቃ ወይም ለሠርግ ነው፤ ጉዳያችን ሲያልቅ በቀጣዩ መኪና እንመለሳለን። ሙዚየም የፈረንጅና የተማሪ ነው የሚለው ሐሳብ ከልባችን አልወጣም። ነገር ግን በስድስት ኪሎ ሐኪም ቤት የምርመራ ውጤት እስኪደርስ ግማሽ ቀን አጥር ሥር ተቀምጣችሁ የምትውሉ ሁሉ፣ ከተቀመጣችሁበት ጥቂት እርምጃ ላይ የአያቶቻችሁ ዕቃ እንዳለ እወቁ። የመግቢያ ክፍያው ለአገር ሰው ከውጭ አገር ጎብኚው ያነሰ ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን ለማየት አትድከሙ፤ እግር ሲዝል ዓይን አያይም፤ አንድ ወለል ይበቃል። መጀመሪያ የምታውቁትን ዕቃ ፈልጉ፤ ሞፈሩን፣ እንዝርቱን፣ በገናውን፤ ከዚያ የማታውቁት ይገባችኋል። በኢትዮጵያ ጥናት ተቋሙ ሙዚየም ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ጉዞ፣ ከልደት እስከ ሞት በመሆኑ ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳ የት እንደደረሰ አይጠፋውም። በግቢው ውስጥ ደግሞ ጫፉ ላይ አንበሳ የቆመበት፣ ወደ የትም የማያደርስ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ጣሊያኖች ፋሺዝም ሥልጣን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ቆጥረው የሠሩት ነው፤ አንበሳው ከነጻነት በኋላ ተቀመጠበት። ይህን የሚነግረው ያላገኘ ጎብኚ ግን ያየው ያልተጨረሰ ደረጃ ነው።

ከሁሉ በላይ ሽማግሌዎቻችሁን ይዛችሁ ግቡ። የዕቃውን ስም፣ ምን ላይ እንደሚታሰርና በየትኛው በዓል እንደሚወጣ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «ይህ የእኛ አገር ነው» ካሉ አስጎብኚውን ጠርታችሁ አስጽፉ፤ ማፈር አያስፈልግም።

ለኃላፊዎች የማቀርበው ልመና ከዚህ ይቀጥላል። በካርዱ ላይ ዕቃው በአገሬው የሚጠራበት ስም፣ የመጣበት ወረዳና ከተቻለም መንደሩ ወይም ደብሩ፣ እንዲሁም በስጦታ፣ በግዢ ወይም በሌላ መንገድ መምጣቱ ይጻፍ። ያልታወቀ ከሆነ «የመጣበት ቦታ አልታወቀም» ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ ለእኔ «ሰሜን ኢትዮጵያ» ከሚለው ይሻለኛል፤ አለማወቁን የተናገረ ሰው የሚነግረው ያገኛል፣ ያወቀ የመሰለው ግን ማንም አይነግረውም። በመውጫው በር ላይ «እንዴት አገኙት?» ተብሎ አስተያየት የሚጻፍበት መዝገብ አለ፤ ሁላችንም «በጣም ጥሩ ነው» ብለን ፈርመን እንወጣለን። ከእርሱ ጎን ጎብኚ ስለ አንድ ዕቃ የሚያውቀውን የሚያስመዘግብበት፣ ባለሙያም በየጊዜው እያጣራ ወደ ዋናው መዝገብ የሚያስተላልፍበት ሌላ መዝገብ ይቀመጥ። የጎብኚ ቃል ሁሉ እውነት አይደለም የሚል መልስ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ከአንድ በላይ ሽማግሌ ዕቃን ሁሉ የራሱ መንደር ሥራ ሲያደርግ ሰምቻለሁ። ማጣራት የባለሙያው ሥራ ነው፤ የሚጣራ ነገር እንዲኖረው ግን መጀመሪያ ይጻፍ። በጀት ለሚለው ደግሞ፣ የጠየቅኩት አዲስ ሕንፃ ሳይሆን በወረቀት ላይ ሦስት ተጨማሪ መስመር ነው።

በመጨረሻ የምጠይቀውን በእጄ ይዤ ልቅረብ። እናቴ የፈተለችው ባና እስከ አሁን ሣጥን ውስጥ አለ። ልጆቼ ብርድ ልብስ ከፋብሪካ ገዝተው ይለብሳሉ፤ ባናውን ብል ሳይበላው ለሚጠብቀው ሙዚየም ያለ ምንም ክፍያ ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ፤ ካርዱ ላይ የሚከተለው እንዲጻፍ ብቻ እጠይቃለሁ፦ «ባና። የመንዝ በግ ጠጉር። መንዝ፣ ጌራ፣ ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ በሚወስደው መንገድ። ፈታይዋ የአምስት ልጆች እናት፤ ሸማኔው የጎረቤት ሰው፣ ስሙ አልታወቀም። ከልጅዋ በስጦታ የተገኘ።» ፈቃደኛ የሆነ ሙዚየም ቀኑን ቢያሳውቀኝ የልጅ ልጄን ይዤ አመጣዋለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ ጡረተኛ የታሪክ መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ